ወንድሜ አትነቃነቁ፣ የባቡር ጣቢያው ፎቶ አንሺ

ወንድሜን እናታችን ያወጣችለትን ስም ትቶ ከተማው ሁሉ «አትነቃነቁ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ «አትነቃነቁ!» ብሎ ሲጮህ ድምፁ ከጣቢያው እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማል። ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ እያቦካ ከሆነ እጁን ሊጡ ውስጥ እንደከተተ ቀጥ ይላል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ልጅ ሆኖ ግን እሱን ራሱን ማን ያስቀምጠው! እግሩን እሳት የነካው ይመስል አንድ ቦታ አይረጋም። አባታችን የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ በየቀኑ ትልቅ መፍቻ ተሸክሞ የላላውን ብሎን እያጠበቀ ይሄዳል። ቤታችን ከሐዲዱ አሥራ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ ወንድሜም አብሯቸው ይንቀጠቀጣል።

«ይሄን ልጅ ከባቡሩ ነው መሰለኝ የወለድኩት» ትላለች እናታችን።

«እኔስ የት ሄጄ ነው?» ይላል አባታችን፣ ከመፍቻው ቀና ሳይል።

አደገና ጣቢያው ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። አንድ ቀን አንድ ከሲታ ሰው ሦስት ከባባድ ሳጥን ይዞ ከባቡር ወረደ። ወንድሜ ሳጥኖቹን ሲሸከም ሰውዬው «ቀስ በል፣ መስታወት ነው! ቀስ በል!» እያለ ከኋላ ከኋላው ይሮጣል። ከአገር አገር እየዞረ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበር። ለሳምንት ብሎ መጥቶ ሁለት ዓመት ቆየ። ወንድሜም ከሥሩ አልጠፋ አለ፤ ሥራውን ተማረ። በኋላ ሰውዬውን ሳል ጠናበትና ወደ ዘመዶቹ ሊመለስ ሲነሳ ሳጥኖቹን ማንሳት አቃተው። «ያኔ አንድም ሳትሰብር ያወረድክልኝ አንተ ነህ፤ አንተው ጋ ይቅሩ» ብሎ ካሜራውን ከነዕቃው ትቶለት ሄደ። ወንድሜ ፎቶ አንሺ የሆነው እንዲህ ነው።

የዚያን ጊዜ ፎቶ እንደ ዛሬው አልነበረም። የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል መስታወት፣ አንድ ወገኑ መድኃኒት የተቀባ። ብርሃን ሲያገኘው ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ነው ሰው ሰው የሚመስለው። መስታወቱ ብርሃኑን ጠጥቶ እስኪጠግብ ወንድሜ ከአንድ እስከ አራት ይቆጥራል። በዚያ መሀል የተንቀሳቀሰ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ልብስ ሰፊው አንዴ ዝንብ አስቸግራው ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ ሁለት አፍንጫ ይዞ ወጣ። «አንዱን ለዝንቧ ስጣት» እያሉ ስንት ዓመት ሳቁበት።

ባቡሩ ያመጣው ነገር ብዙ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ብስክሌት አከራዩና ፀጉር አስተካካዩ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ሁሉም ሱቁን ፎቶ ማስነሳት ይፈልጋል፤ ከነባቡሩ ከሆነማ ደስታው አይጣል ነው። ሰዓት ሠሪው በዚያ ቀን ያለውን ሰዓት ሁሉ አውጥቶ ውጭ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ፎቶውን አይታችሁ ከሆነ አንዱ ሦስት ሰዓት፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ አሥር ተኩል ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ወንበሩን ከነደንበኛው ደጅ ያወጣል፤ ደንበኛው ፊቱ ግማሹ በአረፋ እንደተለቀለቀ ይጠብቃል።

«ታፔላዬ ገባ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

«ገብቷል። አንተ ብቻ ሆድህን ሰብስብ» ይላል ወንድሜ ከጨርቁ ሥር።

«ሆዴን ተወው፤ ታፔላዬን አደራ!»

ወንድሜ ሚስቱን ያገኛት እዚያው ጣቢያው በር ላይ ነው። ሻይ ትሸጥ ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቋ የሚቀድማት ልጅ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም የወንድሜ ሚስት ናትና «እትዬ» ነበር የምላት፤ እሷ ደግሞ «እትዬ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል፣ አታስረጂኝ» ትለኛለች። በሠርጋቸው ቀን ፎቶ አልተነሱም። ለምን ብትሉ፣ በከተማው ካሜራ መያዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሙሽራው ነው።

ከተጋቡ በኋላ ሥራዋ ጃንጥላ መያዝ ሆነ። የሱቆቹ ፊት የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፀሐይዋ ከጎን መጥታ የካሜራውን ዓይን ትወጋዋለች። ስለዚህ እሷ ከካሜራው በስተግራ ቆማ ጥቁሩን ጃንጥላ ከላይ ትዘረጋለታለች። ከከተማው ሰው በአንድ ክንድ ርቀት፣ ከወንድሜ በአንድ ጆሮ ርቀት። ሰዉን ሁሉ የምታስቀው፣ ኮሌታውን የምታስተካክለው፣ «አንቺ፣ ልጅሽ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች» የምትለው እሷ ናት። ፎቶው ውስጥ ግን የለችም።

መስታወቱ በወር አንድ ጊዜ በባቡር ይመጣል፣ በአንድ ሳጥን አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱም ሳይመጡ ባለቤት አላቸው።

«አንቺንስ መቼ ነው የሚያነሳሽ?» እላታለሁ።

«መስታወት ሲተርፍ! ደግሞ እኔን ምን ያደርግልኛል? በየቀኑ ያየኝ የለም?»

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ። በመሀሉ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ዓመት ተኩል ሲሞላት አዲስ የባቡር ራስ መጣ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎኑ ላይ የነሐስ ቁጥር ያለው። የጣቢያው ሹም ፎቶውን ለበላዮቹ ሊልክ ፈለገ። ሠራተኞቹን ዩኒፎርም አስለብሶ በቁመታቸው ደረደራቸው። መሳፈሪያውን ሁለት ጊዜ አስጠረገ። መንገደኛ እንዳያልፍ ዘበኛ አቆመ።

ያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር፤ ጃንጥላ አላስፈለገም። እትዬ ሥራ ስለሌላት ዘንቢሏን ይዛ ዳቦ ቤት ሄደች። ስትመለስ ዘበኛው አውቋት ነው መሰለኝ አላገዳትም። በፀጉር አስተካካዩ በርና በመሳፈሪያው ጫፍ መሀል ስትደርስ ወንድሜ ጨርቁ ሥር ገብቶ «አትነቃነቁ!» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይሮጥ ነበር። ቢሮጥ ደግሞ ጭስ ሆኖ ይጠፋል፤ ማንም አያየውም። እሷ ግን ያን ቃል አራት ዓመት ሙሉ ስትሰማ ኖራለች። ከአፉ ሲወጣ እግሯ ደረቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች፣ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆመች።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ባለ ዩኒፎርም እንደ እሷ የጠራ አልነበረም። ሹሙ የቅንድቡ ላብ አስቸግሮት ኖሮ ትንሽ ደብዝዟል። እሷ ግን የዓይኗ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ወንድሜ በመጀመሪያ የገለበጣትን ወረቀት ይዞ ሹሙ ቢሮ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

ሹሙ ፎቶውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ባለቤቴ ናት ጌታዬ። ድንገት...»

«ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ ዘንቢል ሻጭ? ይሄንን ነው ለበላዮቼ የምልከው? ምን ሊሉኝ ነው፣ ጣቢያውን ገበያ አደረገው አይሉኝም?»

«እንደገና እናንሳው እንዳልል መስታወቱ አልቋል።»

«ባቡሩም ነገ ጠዋት ይሄዳል። ሰው ማጥፋት አትችልም እንዴ? የልብስ ሰፊውን ሚስት የፊት ኪንታሮት አጥፍተህላት የለ!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። እኛም እዚያው ትተነው ወጣን።

ኪንታሮቱን እውነት አጥፍቷል። ሥራው እንዲህ ነው፤ የማይፈለገውን ነገር ከመስታወቱ ላይ በምላጭ ጫፍ ቀስ እያሉ ይፍቁታል፤ ከዚያ በእርሳስ እየነካኩ ግድግዳ ወይ ሰማይ ያስመስሉታል። ወንድሜ በዚህ እጁ የተመሰከረለት ነው።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ምላጩን ያዘ። እትዬ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታያለች። እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ።

«ኧረ አፍንጫዬን ቀስ በል!» አለች።

«አፍንጫሽ አልቋል፤ አሁን ጉንጭሽ ላይ ነኝ።»

«አየሽልኝ፣ ባሌ ፊቴን ሲያጠፋው!»

እንስቃለን። ሦስታችንም እንስቃለን፤ ልጅቷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ትስቃለች። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ተፍቃ አለቀች። በቦታዋ በንጹህ የተጠረገ መሳፈሪያ ሆነ። ወንድሜ ምላጩን በጨርቅ ጠርጎ «አይዞሽ፣ የሚመጣው ሳጥን የመጀመሪያው መስታወት ያንቺ ነው» አላት።

«ተናግረሃል። ምስክሬ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ሹሙ ፎቶውን ወደደው።

እትዬን ትኩሳት የያዛት ከዚያ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ሰኞ ራሴን አለች፤ ማክሰኞ አልተነሳችም፤ ሐሙስ ጠዋት አረፈች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቀበርናት በአራተኛው ቀን መስታወቱ በባቡር መጣ። ወንድሜ ሄዶ ተረከበ። ሳጥኑን አቅፎ ከጣቢያ ሲመጣ ያየሁት አካሄድ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እቃ ያቀፈ ሰው አይመስልም ነበር።

እኔ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ እሱ ቤት ገባሁ። ልጅቷን ማን ያሳድግ? ጃንጥላውንም ማን ይያዝ? ልጅቷ አፏን ስትፈታ እኔን «እማዬ» ትለኛለች። ወንድሜ ቶሎ ብሎ «አክስትሽ ናት» ይላታል፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ልመና። እሷም አክስቴ ማለት ለመደች።

ሰባት ዓመቷ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ትምህርት ቤት ጓደኛዋ የእናቷን ፎቶ ይዛ መጥታ አሳይታት ነበር። የወንድሜ እጅ ሥራ ነው፤ ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማህተም አለ። ልጅቷ ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የመስታወቶቹ ቁም ሣጥን ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ የሰው ሁሉ እናት አለች አይደል?»

«አለች» አለ።

«የእኔስ?»

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምን ብዬ ልቁም?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ለዚያች ልጅ የእናቷን ፊት ማሳየት፣ በቃ። በእትዬ ጊዜ የተነሱትን አምስት መቶ ምናምን መስታወቶች አንድ በአንድ እያወጣ ወደ መስኮቱ ይይዛል። እኔ እያበስኩ አቀብለዋለሁ፣ እያበስኩ እመልሳለሁ። ምናልባት በሰዓት ሠሪው መስኮት ላይ ነጸብራቋ ይኖር ይሆናል፤ ምናልባት ከሕዝቡ መሀል አንዴ ገብታ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ያገኘነው በሦስት መስታወት ጥግ ላይ የጃንጥላውን ጫፍ ነው። እሱም ሲገለበጥ እንደ ቁራ ክንፍ ጥቁር ነገር ነው፤ ለልጅ «ይኸውልሽ እናትሽ» ተብሎ አይሰጥም።

የባቡሩን መስታወት መጨረሻ ላይ አወጣው። የት እንዳለ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ወደ ብርሃኑ ያዘው። እርሳሱ እንኳ አለቀቀም፤ ያ የተመሰከረለት እጁ ሥራውን በደንብ ሠርቶት ነበር።

ያኔ ያቺ ሹሙ የወረወራት ወረቀት ትዝ አለችው። ሮጦ ጣቢያ ሄደ። ያ ሹም ተዛውሯል። አዲሱ መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈተለት፤ የለም። ለቀድሞው ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሁለት ወር በኋላ «እንዲህ ያለ ፎቶ አላስታውስም» የሚል መልስ መጣ። ሱቆቹን ሁሉ ዞረን እንጠይቅ ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ።

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? ሚስቴን በምላጭ ፍቄ አጠፋኋት፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ ልበል?»

«ሰው ይፈርድብሃል ብለህ ነው?»

«ልጄ ትሰማለች» አለኝ።

በሌላኛው ዓመት አንድ ነገር ሞከረ። እዚያው መስታወት ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ከልቡ እያስታወሰ ፊቷን በእርሳስ ሊመልሰው። ወር ሙሉ ሠራበት። ይስላል፣ ያጠፋል፣ ይስላል። እኔን አላሳየኝም። ሲጨርስ ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ልጁን ጠርቶ «ነይማ፣ እናትሽን እዪ» አላት።

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። እንደገና ወረቀቱን።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ አክስቴ ናት» አለች።

ተቀብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ግንባሩ የኔ፣ አገጩ የኔ፣ ያ ከልጅነቴ የሚታወቀው ጠመም ያለ ፈገግታ የኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስበላ፣ ሳወራ፣ ስቆጣ የኖርኩት እኔ ነኝ። ፊቴ የእሷን ፊት ከልቡ ገፍቶ ቦታዋን ይዞባት ኖሯል። ሳላውቅ ነው፤ ግን ያዝኩባት።

ወንድሜ የሳለውን ከመስታወቱ ላይ አጠፋና እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ወዲያ ፊት ማደስ የሚባል ሥራ አልነካም። ልብስ ሰፊው መጥቶ «የልጄን ጠባሳ አጥፋልኝ» ቢለው «ጠባሳዋም ልጅህ ናት፤ እንዳለች ውሰዳት» አለው። ሰዉ «አትነቃነቁ ኮራ» አለ። ይበል።

ዓመታቱ ሄዱ። ባቡሩ በየቀኑ ይመጣ የነበረው በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ፤ ከዚያ አንድ ቀን፤ ከዚያም ቀረ። ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። ሰዓት ሠሪው ሞተ። ብስክሌቶቹ በወደቁበት ዛጉ። መሳፈሪያው ላይ ሣር በቀለ። ልጅቷ ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፣ አግብታ ወለደች። ልጆቿ ሲያስቸግሯት «እንደ እናቴ ቢያደርገኝ እኮ እስቅ ነበር» ትላለች። ሳቂታ መሆኗን ከኛ ሰምታ እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች? የወንድሜ ዓይን ቀስ በቀስ ደከመ፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው።

ልጅቷ አርባ ስምንት ዓመት ሲሆናት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቤታችን መጣች። የድሮውን ጣቢያና የድሮዎቹን ሱቆች ፎቶ ሰብስባ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ልታሳይ ነው። ወንድሜ መስታወቶቹን ሰጣት። «ሁሉንም ውሰጂ፤ እኔ አላያቸው» አለ። ሌላውም ሰው ቤቱ ያለውን እንዲያመጣ ተነገረ።

በመክፈቻው ቀን ወንድሜን እኔና ልጁ ግራና ቀኝ ይዘን ሄድን። አዳራሹ ሞልቷል። ሰዉ ጣቱን እየቀሰረ «አያቴ! ሱቃችን! ሁለት አፍንጫ!» ይላል። ከሁሉ ትልቅ ሆኖ መሀል ላይ የተሰቀለው ያ አዲሱ የባቡር ራስ ነው። ሠራተኞቹ ተደርድረው፣ መሳፈሪያው ተጠርጎ። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ወደዚያ ማየት አልቻልኩም።

ፀጉር አስተካካዩ በሕይወት ነበር። ሆዱ ጠፍቷል፤ ከዘራ ይዟል። ወንድሜን ሲያየው ከሩቅ ጮኸ።

«አትነቃነቁ! አለህ እንዴ አንተ ሰው?»

«ሆድህስ?» አለው ወንድሜ በድምፁ አውቆት።

«ከባቡሩ ጋር ሄደ! ና፣ እኔ ያመጣሁትን ፎቶ እይ... ውይ፣ ይቅርታ። አንቺ እይለት እስቲ።» እጄን ይዞ ወደ ጥጉ ወሰደኝ። የእጅ መዳፍ የምታህል የእንጨት ክፈፍ ናት። «ሱቄን እዪልኝ ብዬ ለእናቴ የላክሁላት ናት። እዚያ ገጠር ከራስጌዋ ሰቅላት ኖረች፤ ስትሞት ከዕቃዋ ጋር ተመለሰችልኝ። ታፔላዬ እንዴት እንደጠራ አየሽው?»

አየሁ። የፀጉር ቤቱ በር፣ ታፔላው፣ ደጅ የወጣው ወንበር። ከወንበሩ አጠገብ፣ ክፈፉ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እጅ አለ። የሴት እጅ፤ ዘንቢል ያንጠለጠለ። እስከ ክርኑ ድረስ እጅጌው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ እንጨት ነው።

«ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«ከሹሙ። ጠዋት ጠዋት ቢሮው ድረስ ሄጄ አልነበር ጢሙን የምላጨው? ጠረጴዛው ላይ ተጥላ አይቼ ካልፈለጉት ልውሰደው አልኩ፤ ውሰድ አለኝ። ጥጉ ላይ ሱቄ ገብቷል፤ ባቡሩ ምን ያደርግልኛል ብዬ ለክፈፏ በልኳ ቆረጥኳት።»

ልጅቷ አባቷን ይዛ ከኋላዬ ደርሳ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«የተቆረጠውስ?» አለች። «አባባ፣ የተረፈውን ወረቀት የት አደረጉት?»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ቀስ ብሎ ገባው። «ከወለሉ ፀጉር ጋር... ጠርጌ ጣልኩት ልጄ።» «እናቴ ሁልጊዜ ይቺ እጅ የማን ናት ትለኝ ነበር። የመንገደኛ ናት እላታለሁ። እኔ ያየሁት ታፔላዬን ነው። ሌላ ምንም አላየሁም። አትነቃነቁ፣ ማረኝ።»

«እኔም አላየኋትም» አለ ወንድሜ። «ያውም ምላጭ ይዤ፣ ከዚህ እስከዚያ እንኳ ሳትርቀኝ።»

ልጁ ዞራ አየችው። ስለ ምላጩ የሰማችው ያን ቀን ነው። አርባ ዓመት የደበቃትን ሁሉ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ በሰው መሀል፣ ቆሞ ነገራት። አፍንጫዋን ስትለው፣ ጉንጭሽ ላይ ነኝ ሲላት፣ እንዴት እንደሳቅን፣ አንዱንም አላስቀረም። ሲጨርስ ክፈፏን ከግድግዳው አውርዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። የራሷን እጅ ከክፈፏ አጠገብ ዘርግታ ሁለቱን ታያያለች።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «ትንሽ ናት። የልጅ እጅ እኮ ነው።»

እውነት ነው። እሷ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ወፍረዋል፣ ጠመኔ አድርቋቸዋል። በዚያ ፎቶ ላይ ያለችው ግን ልጇ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። እናቷን ስትፈልግ የኖረችው ከእሷ የምትበልጥ ሴት አድርጋ ነበር።

ወንድሜ እጁን ዘረጋ። «እጅጌው ላይ ቁልፍ አለ?» አለኝ።

«አለ። ሁለት።»

«ሦስተኛው ወድቆባት ነበር» አለ። «እሰፋዋለሁ ትላለች፣ ትረሳለች። ሁልጊዜ ጃንጥላውን ከማንሳቷ በፊት እጅጌዋን የምጠቀልልላት እኔ ነበርኩ።» ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁ ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ በጆሮው ነው ያለችው። ይቅርታ ይሁን ሌላ፣ እስካሁን አልጠየቅኳትም።

ፀጉር አስተካካዩ ክፈፏን አልቀበልም አለ። «ሱቅ የለኝ፣ እናት የለኝ። ውሰዱልኝ» አለ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረ። በእነዚያ ወራት ስለ እትዬ የማይናገረው ነገር አልነበረም። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ የጫማዋን ድምፅ፣ የሻይ አቀዳዷን፣ ሲከፋት ከንፈሯን እንዴት እንደምትነክስ ይነግራታል። ፊቷን ግን አንድ ቀንም አልነገራትም። አንዴ «ፊቷስ አባዬ?» ብላ ብትጠይቀው «አልዋሽሽም» አላት፣ በቃ።

ክፈፏ ዛሬ የልጁ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። አዲስ እንግዳ ሲመጣ ታፔላውን ያነብና «የማን ፀጉር ቤት ነው?» ይላል።

«የእናቴ ፎቶ ነው» ትለዋለች።

እንግዳው ተነስቶ ይጠጋል፤ ከወንበሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ታፔላው እያየ ሴትዮዋን ይፈልጋል። እሷም እስኪያገኛት ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።